ባለ አንድ አዝራሯ

ክብደቷ ኢምንት ነው፤ ከአንዲት ፎቶ ታንሳለች፣
በኪሴ ፍላሽ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ስትንቃጨል ትውላለች።
ዋጋ የላት፣ ማስታወቂያ የላት፣ «ይመዝገቡ» አትል፣
ከፊቷ አንድ አዝራር ብቻ፤ ግራጫ፣ ጠጠር የሚያህል።
በላዩ አንድ ቃል፦ «ይረሳ?»
እሱን ተጭነህ ተነሳ።

ሠሪዋ ራይቮ ነው፣ በታርቱ ከተማ አሳንሰር ጠጋኝ፤
እንቅልፍ ባጣበት የጥር ሌሊት ሠርቶ በነጻ ላከልኝ።
«ስንት ልክፈልህ?» ብዬ ብጠይቀው፦ «ምንም፤
ሰው ያለ ፎቁ ወርዶ የሰው በር ሲያንኳኳ አልወድም።»

እኔ ታኔል ነኝ፤ በሂዩማ ደሴት፣ በካርድላ ቤተ መጻሕፍት፣
ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንዲት ድመት ያለኝ በኃላፊነት።
ሐሙስ ዕለት የመርከቡ ድርጅት ሰርቨሩን ወደ ሌላ ቤት አዞረ፤
የእኛ ማሽን አልሰማም፤ የድሮውን በር ሲደበድብ አደረ።

በማግስቱ ሄልዩ መጣች፤ ሰባ ስምንት ነው ዓመቷ፣
ጃንጥላዋ ያንጠባጥባል፣ መነጽሯ ከአናቷ።
አርባ ዓመት ፖስታ ያደለች፣ የደሴቱን ደጃፍ በእግሯ የምታውቅ፤
«ታኔል፣ ይህን ሳጥን ምን ነካው? ወደቡን እንዴት አያውቅ?»

«ያውቃል» አልኳት፤ «ችግሩም ማወቁ ነው።
ዲኤንኤስ የሚሉት ስም ሰምቶ ቁጥር ነጋሪ አለው፤
ይኸኛው ግን ባለፈው ሳምንት ሰምቶ የሸጎጠውን ነው የሚያምነው፣
ዛሬ ማን የት እንዳደረ መጠየቁ ነው የታከተው።»

ጃንጥላዋን ዘጋች፤ ከፈተች፤ ደግማ ዘጋች።
«ፎቶዬን ይነካል?» «አይነካም።» «ደብዳቤዬንስ?» «አይደርስበትም።»
«ምኑን ነው ታዲያ የሚረሳው?» «አውቃለሁ ከሚለው በቀር ምንም።»

ጣቷን ወደ አዝራሩ ዘረጋች፤ ሳትነካው ቀረች።
ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለድመቷ፣ እንዲህ ብላ አወራች፦

«በእኔ ዘመን ያ ጎዳና ሦስት ጊዜ ስሙ ተለወጠ፤
በሦስቱም ስም ደብዳቤ መጣ፣ አንድም ሳይጠፋ ተሰጠ።
በዚህ ኮራሁ። የኮራ ሰው ፖስታውን አያይም፤
እግሩ ሲመራው ዓይኑ አድራሻ አያነብም።
ሳልሜ ከጥዱ አጠገብ ለቃ ወፍጮው ጥግ ቤት ገባች፤
ነግራኛለች በቃል፣ በወረቀትም አስታወቀች።
እኔ ግን አንድ ረቡዕ፣ በረዶው እስከ ጉልበት፣
ደብዳቤዋን ከጥዱ አጠገብ፣ ሰው በሌለበት ቤት፣
ከበሩ ስንጥቅ ወሸቅሁት። የማውቀው ቤት ነዋ!
ለካ ውስጡ «ከእሑድ በፊት ድረሽ» ይላል፤ አባቷ ታሞ።
ሰኞ ተገኘ።»

እኔ ዝም። ድመቷም ዝም።
ማተሚያው ብቻ ያለ ምክንያት አንዴ አጉረመረመ።

ተጫነችው።
ድምፅ የለ፣ ርችት የለ፤ መስኮቱ አንዴ ብልጭ አለና
ማሽኑ እውቀቱን ጥሎ እንደ እንግዳ ወጣ ወደ ጎዳና፤
«የመርከቡ ቤት የት ነው?» ብሎ መንገደኛ ጠየቀ፤
አንዱ ለአንዱ አሻገረው፣ ዓይን ሳይጨፈን አለቀ።
ገጹ ተከፈተ፤ ሰዓቱ፣ ዋጋው፣ የቀረው ወንበር፤
አንድ ትኬት ቆረጠች፣ የቅዳሜ ጠዋት፣ ወዲያ ማዶ ባሕር።
«መመለሻውስ?» ብላት፣
«እሱን እዚያ አስብበታለሁ» አለች፣ ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች።

ቅዳሜ በአሮጌዋ መኪናዬ እስከ ወደቡ ሸኘኋት፣
ከካፖርቷ ኪስ የሳልሜን የድሮ አድራሻ አየሁባት፤
ሠላሳ ዓመት የተጣጠፈ፣ ሰማያዊ ቀለሙ የደበዘዘ፣
እንደ ትኬት በሁለት ጣቷ መሐል የተያዘ።
አየችው። መልሳ ኪሷ ከተተችው፤ አልቀደደችም።
አላመነችውምም።

ከመወጣጫው ሥር ገመድ ወደሚጠቀልለው ልጅ ዞራ፣ ፈራ ተባ እያለች፣
«ሃፕሳሉ ነህ የምትኖረው? ሳልሜ የምትባል አሮጊት፣ ዛሬ፣ የት ነው ያለች?»

ልጁ ገመዱን አስቀመጠ፤ መዳፉን በሱሪው ጠራረገ።
«እኔ አላውቅም» አላት፤ «የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ።»